ጥቂት ካህናት ብዙ የገጠር አጥቢያዎችን እንዲያገለግሉ ማደራጀት፦ ለሰበካ ጉባኤያት የአሠራር መመሪያ

ከገጠር ሰበካ ጉባኤያት ምክትል ሊቃነ መናብርት፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ተጎራባች አጥቢያዎች ነን፤ ያሉን ካህናትና ዲያቆናት ተደምረው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን በጭንቅ የሚበቁ ናቸው። ቅዳሴ እንዳይታጎል፣ ሕፃናትም ቀናቸው ሳያልፍ ክርስትና እንዲነሡ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ይህ መመሪያ ለዚሁ ጥያቄ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚተዳደሩ፣ በእግር መንገድ የሚገናኙ ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱ አጥቢያዎችን ታሳቢ ያደርጋል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ቅዱስ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና መድኃኔ ዓለም የተባሉ አራት አጥቢያዎች በድምሩ ሦስት ካህናትና አራት ዲያቆናት አሏቸው ብለን እንነሣ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ የወጣበት የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ
- ሦስት ጠንካራ መዝገቦች (የአገልግሎት ተራ፣ የልደትና የክርስትና፣ የገቢና የወጪ)
- ሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ
- በየአጥቢያው መልእክት ተቀብሎ የሚያደርስ፣ ስልክ ያለው አንድ ታማኝ ሰው
- ለሦስት ወር የሚበቃ መገበርያ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ
- በየአጥቢያው ለእንግዳ ልዑካን የሚሆን ንጹሕ ማደሪያ
- የቃለ ዓዋዲው (የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ) አንድ ቅጂ

ዘቢብና ዕጣን በአካባቢው ገበያ ሁልጊዜ ላይገኝ ስለሚችል አራቱ አጥቢያዎች በአንድነት ከከተማ ቢያስመጡ ይሻላል። ልዑካኑ ተሟልተው ሳለ በዘቢብ እጦት ቅዳሴ መታጎል የለበትም።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. በመጀመሪያ ያላችሁን ሰው በትክክል ቁጠሩ። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ «ስንት ካህን አለን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ስንት ሙሉ ልዑክ ማቆም እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። በምሳሌያችን አራቱ አጥቢያዎች በአንድ ቀን ማቆም የሚችሉት አንድ ሙሉ ልዑክ ብቻ ነው፤ አንድ ካህንና አንድ ዲያቆን ተጠባባቂ ሆነው ይተርፋሉ። በዚህ ቆጠራ ላይ የእያንዳንዱን ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታ፣ ከየአጥቢያው ያለውን የእግር መንገድ፣ ዲያቆናቱም የስንተኛ ክፍል ተማሪዎች እንደሆኑ ጻፉ። በአብዛኛው ቆጠራው የሚያሳየው ቅዳሴ የሚታጎለው በካህን ማነስ ሳይሆን በዲያቆን ማነስ መሆኑን ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ጉባኤ ጉድለቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ካህን ይመደብልን ብሎ ሲማልድ ይኖራል።

2. ለወረዳው ቤተ ክህነት በጽሑፍ አሳውቁና የጋራ ኮሚቴ አቋቁሙ። ካህን ከተመደበበት አጥቢያ ውጭ በቋሚነት የሚያገለግለው በበላይ አካል ዕውቅና ሊሆን ይገባል፤ ያለዚያ ነገ በደመወዝ፣ በኃላፊነትም ሆነ በንዋያተ ቅድሳት ጉዳይ ክርክር ቢነሣ የሚዳኝ ሰነድ አይኖርም። በኮሚቴው ውስጥ ከየአጥቢያው አስተዳዳሪው፣ አንድ የምእመናን ተወካይና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካይ ይግቡ። ተራ የሚያወጣና መልእክት የሚያስተላልፍ አንድ ጸሐፊ ምረጡ። ጸሐፊው ካህን ባይሆን ይመረጣል፤ ካህናቱ በመንገድና በአገልግሎት ላይ ስለሚውሉ በሚፈለጉበት ሰዓት አይገኙም።

3. የጋራውን የአገልግሎት ተራ አውጡ። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ስለሆነ ከመስከረም በፊት፣ በነሐሴ ወር ተቀምጣችሁ የዓመቱን በሙሉ ጨርሱት።

ሀ) በመጀመሪያ ዓመታዊ በዓላትን አስቀምጡ። ለሚካኤል ኅዳር 12 እና ሰኔ 12፣ ለማርያም ኅዳር 21 እና ጥር 21፣ ለጊዮርጊስ ሚያዝያ 23፣ ለመድኃኔ ዓለም ጥቅምት 27 ይያዛሉ። በእነዚህ ቀናት ሙሉው ልዑክ በዚያ አጥቢያ ይገኛል፤ ሌላ ቦታ ቅዳሴ እንደማይኖር አስቀድሞ ለሁሉም ይነገራል። በስብስባችሁ ውስጥ በአንድ ቅዱስ ስም የተሰየሙ ሁለት አጥቢያዎች ካሉ በዓላቱን ተካፈሉ፤ ሁለት የሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት ቢኖሩ አንዱ ኅዳር 12ን፣ ሌላው ሰኔ 12ን ይያዝና በሚቀጥለው ዓመት ይለዋወጡ።

ለ) ቀጥሎ ወርኃዊ በዓላትን አስገቡ። በምሳሌያችን 12፣ 21፣ 23 እና 27 ናቸው። ከ21 እስከ 27 ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ ልዑካኑ ሦስት ጊዜ እንደሚጓዙ ልብ በሉ፤ በየወሩ ይህን ማድረግ ካልቻሉ ሦስቱ አጥቢያዎች ወርኃዊውን ቅዳሴ በየተራ ያድርጉትና የቀሩት በዚያ ቀን ካህን ተልኮላቸው የኪዳን ጸሎት ይድረስላቸው።

ሐ) ከዚያ እሑዶችን ደልድሉ። በወር አራት እሑዶች ስለሚኖሩ ለእያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ይደርሰዋል። አምስተኛ እሑድ በሚገኝበት ወር፣ ያ እሑድ ወርኃዊ ቅዳሴው ላልተደረገለት አጥቢያ ይሰጥ። ወርኃዊው በዓል በእሑድ ከዋለ ያ እሑድ የበዓሉ ባለቤት ይሆናል፤ ተራውም አንድ ሳምንት ይገፋል።

መ) ለጥምቀት የተለየ ዝግጅት ያስፈልጋል። ጥር 10 ቀን አራቱም ታቦታት ሲወጡ ታቦት የሚያከብረው (የሚሸከመው) ካህን ስለሆነ አራት ካህናት በአንድ ጊዜ ያስፈልጋሉ፤ እናንተ ያሏችሁ ግን ሦስት ናቸው። ስለዚህ አራቱ ታቦታት በአንድ ባሕረ ጥምቀት እንዲያድሩ ተስማሙና የጎደለውን ካህን በኅዳር ወር ከወረዳው ቤተ ክህነት ጠይቁ። ጥር ሲገባ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ በዚያ ሳምንት ሥራ የፈታ ካህን በየትም አይገኝም። የትንሣኤን ሌሊትም እንዲሁ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስባችሁ አክብሩ፤ ቦታው በየዓመቱ ይዙር።

ሠ) አንድ ካህን በአንድ ቀን ሁለት ቅዳሴ እንዲቀድስ ተራ አታውጡ። በአንድ ታቦት ላይም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አይቀደስም። ከሳምንታዊ አገልግሎት በኋላ ሰሞነኛው (የሳምንቱ ተረኛ) የሚያርፍበትን ሳምንት በመዝገቡ ላይ በግልጽ አስፍሩ፤ ያልተጻፈ ዕረፍት በመጀመሪያው ድንገተኛ ጥሪ ይሻራል።

4. የልደትና የክርስትና መዝገብ ክፈቱ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ሕፃኑ በዕለቱ ሥጋ ወደሙን ስለሚቀበል ክርስትናው ቅዳሴ ካለበት ቀን ጋር መገጣጠም አለበት። በየአጥቢያው አንድ ሰው ልደትን በሰማበት ሳምንት ለጸሐፊው ያስመዝግብ። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስላላቸው ስሌቱ ቀላል ነው፤ ለወንድ አንድ ወር ከ10 ቀን፣ ለሴት ሁለት ወር ከ20 ቀን ደምሩ። ጳጉሜን በመሐል ከገባች 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 6 ቀን ቀንሱ። ለምሳሌ ነሐሴ 5 የተወለደ ወንድ ልጅ በስሌቱ መስከረም 15 ላይ ይደርሳል፤ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን ግን ቀኑ መስከረም 10 ነው። የልደቱ ዕለት ራሱ ይቆጠር እንደሆነ ከካህናቱ ጋር አንድ ጊዜ ወስናችሁ በሁሉም አጥቢያ በዚያው ተጠቀሙ።

ቀኑ በራሳችሁ አጥቢያ ቅዳሴ በሌለበት ዕለት ላይ ከዋለ ቤተሰቡን ቅዳሴ ወዳለበት አጥቢያ ላኩ። የሕፃኑን ስም፣ የልደቱን ቀንና የክርስትና አባቱን ወይም የክርስትና እናቱን ስም የያዘ ማስታወሻ አስይዟቸው፤ የሚያጠምቀው ካህን እንግዳ ቤተሰብ ሲመጣበት ለመመዝገብም ሆነ ለማነጋገር ይረዳዋል። በሰሙነ ሕማማት ክርስትና ስለማይነሣ በዚያ ሳምንት ቀናቸው የሚሞላ ሕፃናትን ወላጆች አስቀድማችሁ ከካህኑ ጋር አገናኙ። ሕፃኑ በጠና ከታመመ ግን ቀን መቁጠሩን ተዉትና በአቅራቢያ ያለውን ካህን ወዲያውኑ ጥሩ።

5. ቅዳሴ በሌለበት እሑድ ምን እንደሚደረግ ወስኑ። ይህ ካልተወሰነ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተዘግቶ ይውላል፤ ምእመኑም ቀስ በቀስ መምጣቱን ይተዋል። አቅም ያላቸው ቅዳሴ ወዳለበት አጥቢያ በአንድነት ይሂዱ። ለአረጋውያን፣ ለእርጉዞችና ለሕፃናት ደግሞ በአጥቢያው የሚደረግ መርሐ ግብር ይኑር፤ ተጠባባቂው ካህን ከተገኘ ኪዳን ያደርሳል፣ ካልተገኘ የሰንበት ትምህርት ቤቱ በዐውደ ምሕረቱ ውዳሴ ማርያምና ዳዊት ያደርሳል፣ መዝሙር ያቀርባል፤ የወረዳው ቤተ ክህነት የፈቀደለት መምህርም ያስተምራል። ለመቁረብ የተዘጋጁ ሰዎች ቅዳሴው የት እንደሆነ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይነገራቸው። ከምግብና ከውኃ ለ18 ሰዓት የሚከለከል ሰው ሌሊት መንገድ ሲጀምር ቦታው ተለውጦ ቢያገኘው ከባድ በደል ነው።

6. የልዑካኑን ጉዞና ማደሪያ አዘጋጁ። ልዑካኑ ጾመው ስለሚያድሩ በዕለቱ ጠዋት ረጅም ዳገት ወጥተው እንዲቀድሱ አታድርጉ፤ በዋዜማው በብርሃን ደርሰው በቅጥሩ ውስጥ ይደሩ። ማደሪያው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ንጹሕ ውኃና መብራት ይኑረው። በጾም ወራት የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚወጣ ልዑካኑ የሚመገቡት ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ በዚያው ማደር እንዳለባቸው ተራው ላይ ጻፉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዝ የሚሞላባቸውን መንገዶች ለይታችሁ ለክረምቱ የተለየ ተራ አውጡ፤ በዚህ ጊዜ ከወንዙ ማዶ ያሉት አጥቢያዎች በማዶ ባለው ካህን ዙሪያ ቢደራጁ ይሻላል። ታዳጊ ዲያቆናት በማንኛውም ሁኔታ ብቻቸውን አይጓዙ፤ አንድ ካህን ወይም ወላጅ የፈቀደው አዋቂ አብሯቸው ይሁን።

7. የካህናቱን ኑሮ ደግፉ። የገጠር ካህን ገበሬም ነው። ለሦስት አጥቢያ የሚጓዝባቸው ቀናት ከእርሻው የሚጎድሉ ቀናት ናቸው፤ ይህ ካልተካካሰ የትኛውም የአገልግሎት ተራ ከአንድ ዓመት በላይ አይዘልቅም። ሦስት ነገሮችን አድርጉ። የመጀመሪያው፣ አራቱ አጥቢያዎች እንደ አቅማቸው እያዋጡ በየወሩ በቋሚ ቀን የሚከፈል ገንዘብ ይወስኑ፤ የመንገድና የስንቅ ወጪ ከዚህ ተለይቶ ይታሰብ። ሁለተኛው፣ በእርሻ፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት ምእመናኑ በደቦ ወጥተው የካህናቱን ማሳ ይሥሩ፤ ደቦው በየትኛው ሳምንት በየትኛው አጥቢያ እንደሚወጣ በአገልግሎት ተራው መዝገብ ላይ ይመዝገብ። ሦስተኛው፣ ካህን ሲታመም የሚሸፍነው ተጠባባቂ እንዲኖርና ክፍያው እንዳይቋረጥ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ክፍያ በደረሰኝና በፊርማ ይሁን፤ በእጅ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ሰጪውንም ተቀባዩንም ለሐሜት ያጋልጣል።

8. ዲያቆናትን አፍሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ ዲያቆን ማነሱ ከታየ ዋናው መፍትሔ ይህ ስለሆነ ኃይላችሁን እዚህ ላይ አውሉት። አራቱ አጥቢያዎች እያንዳንዳቸው የኔታ መቅጠር አይችሉም፤ በአንድነት ግን አንድ መምህር ማኖር ይችላሉ። ለሁሉም ማእከላዊ የሆነውን አጥቢያ ምረጡ፣ ለመምህሩ ቤትና ቀለብ አዘጋጁ፣ ከየአጥቢያው ቢያንስ ሦስት ልጆች በወላጆቻቸው ፈቃድ ይግቡ። ትምህርቱ ከፊደልና ከንባብ ተነሥቶ ወደ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያም ወደ ግብረ ዲቁና (የዲያቆን አገልግሎት ትምህርት) ያልፋል። የልጆቹን መደበኛ ትምህርት የሚያሳጣ ሰዓት አትያዙ፤ በፈረቃ የሚማሩ ከሆነ በሌላው ፈረቃ፣ አለዚያ በማለዳና በምሽት ይማሩ። ወላጅ በሁለቱ መካከል ምረጥ ከተባለ ልጁን ከአብነት ትምህርት ቤት ያስወጣል፤ በዚህም ሊፈረድበት አይገባም።

ልጆቹ ግብረ ዲቁናውን በቃላቸው ከያዙ በኋላ ከነባር ዲያቆናት ጋር ተሰልፈው ዜማውን፣ አቋቋሙንና የመልስ ቦታውን ይለማመዱ። ሲበቁ መምህሩ ይመሰክርላቸዋል፤ የአጥቢያው ደብዳቤም በወረዳው ቤተ ክህነት በኩል ወደ ሀገረ ስብከቱ ተልኮ ከሊቀ ጳጳሱ ማዕረገ ዲቁናን ይቀበላሉ። ሳይበቁ ለማዕረግ አትቸኩሉ፤ ጉድለታቸው መቅደስ ውስጥ ይገለጣል፤ እነርሱም አፍረው አገልግሎቱን ይሸሻሉ። ዲያቆናት ከፍ ባለ ክፍል ለመማር ወደ ከተማ መሄዳቸው አይቀርም። ይህን እንደ ክዳት አትቁጠሩት፤ በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን አስገቡ፣ የሄዱትም በዕረፍት ጊዜ ሲመለሱ በተራው ላይ ስማቸው ይግባ።

9. ካህናትንና የምእመናን መሪዎችን አሠልጥኑ። ሥልጠናውን በእርሻና በአጨዳ ወራት አታድርጉት። አመቺ የሚሆነው ከጥር 21 በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው፤ የሠርግ ቀናትን ብቻ ለይታችሁ ተዉ። ሁለት ቀን ይበቃል። ካህናቱ ከወረዳው በሚላክ መምህር አማካይነት ሥርዓተ ቅዳሴን በጋራ ይከልሱ፤ ከተለያየ የአብነት ትምህርት ቤት የመጡ ካህናት በአንድ ልዑክ ሲቆሙ በዜማና በአፈጻጸም እንዳይጋጩ ይህ የግድ ነው። ንስሐ አባትነትም ይነሣ፤ አንድ ካህን በአራት አጥቢያ የሚገኙ የንስሐ ልጆቹን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያገኝ በግልጽ ይነጋገሩ።

ለምእመናን መሪዎች የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ የተለየ ነው። ጸሐፊዎች ቃለ ጉባኤ አያያዝን፣ ገንዘብ ያዦች ደረሰኝ አቆራረጥንና ወርኃዊ ሒሳብ መዝጋትን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎች ቅዳሴ የሌለበትን እሑድ መርሐ ግብር መምራትን ይማሩ። በንግግር ብቻ አትለፉት፤ እያንዳንዱ የራሱን አጥቢያ መዝገብ ይዞ ይምጣና በእርሱ ላይ ይለማመድ። በባዶ ወረቀት የተማረ ገንዘብ ያዥ ወደ አጥቢያው ሲመለስ ያገኘውን የተዘበራረቀ መዝገብ ማስተካከል ይቸግረዋል።

10. ለድንገተኛ ቀብር ደንብ አውጡ። ሞት ተራ ስለማይጠብቅ የሟቹ ንስሐ አባት ከተገኘ እርሱ፣ ካልተገኘ በቅርብ ያለው ካህን እንዲሄድ ከወዲሁ ተስማሙ። መልእክቱን ለጸሐፊው የሚያደርሰው የአጥቢያው ባለ ስልክ ተወካይ ነው፤ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ካህን ፍለጋ መንከራተት የለበትም። ለፍትሐት የሚሰጠው ለድኻውም ለባለጸጋውም አስቀድሞ የታወቀ ይሁን።

11. በየሦስት ወሩ ተገናኙ። ስንት ቅዳሴ እንደታጎለና ለምን እንደታጎለ፣ ስንት ሕፃናት ቀናቸው እንዳለፈ፣ የትኛው ካህን ከተራው በላይ እንደሠራ ከመዝገቡ አንብቡና ተራውን አስተካክሉ።

ጥንቃቄዎች

- ልዑካን ሳይሟሉ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ቅዳሴ አይጀመር። ማዕረግ ያልተቀበለ ልጅ በዲያቆን ቦታ አይቁም።
- ምእመናን ምንም ያህል ቢያግዙ ወደ መቅደስ አይገቡም፤ ጻሕሉን፣ ጽዋዑንና ሌሎች የተቀደሱ ዕቃዎችን አይነኩም፣ አይሸከሙም። ከአጥቢያ አጥቢያ የሚወሰድ አልባስ ወይም መጽሐፍ ካለ የሚወስደው ካህን ፈርሞ ይረከባል፣ ሲመልስም ይፈረምለታል።
- ቅዳሴ የሌለባቸው ሳምንታት ለሌባ የተመቹ ናቸው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን፤ ጥበቃውም በእነዚህ ቀናት ይጠናከር።
- ፈቃድ የሌለው ሰባኪ ካህን በሌለበት እሑድ መድረክ አይሰጠው።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ተራውን በአስተዳዳሪው ቃል ብቻ መያዝ። አስተዳዳሪው በታመመ ዕለት ማን የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ተራው በአራቱም አጥቢያዎች ደጀ ሰላም ተጽፎ ይለጠፍ።
- ብዙ የሚያዋጣው አጥቢያ ብዙ እሑድ እንዲወስድ መፍቀድ። መዋጮ በአቅም፣ አገልግሎት ግን በእኩል ይከፈላል፤ ይህ ካልተጠበቀ ትንሹ አጥቢያ ከስብስቡ ይወጣል።
- ወጣቱን ካህን ሩቅ መንገድ ሁሉ እንዲሄድ ማድረግ። ለጊዜው ይችላል፤ ነገር ግን ቤተሰቡና እርሻው ሲጎዱ አካባቢውን ጥሎ ይሄዳል። ሩቁም ቅርቡም ለሁሉም ይዳረስ፤ በዕድሜ ለገፉት ብቻ ቅርብ የሆነው ይሰጣቸው።
- አዲስ ካህን በተመደበ ማግስት ስብስቡን ማፍረስ። አንድ ተጨማሪ ካህን የዲያቆናቱን ጉድለት አይሞላም። ሁለት ሙሉ ልዑካን እስክታቆሙ ድረስ በጋራው ተራ ቀጥሉ፤ ሁለተኛው ልዑክ ሲሟላ አጥቢያዎቹን በመንገድ ቅርበት ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ክፈሉ።